የሳጅን ወሬ

ቡሊያ፣ ኩዊንስላንድ
ማርች 9 ቀን 1987

ለተከበሩ አቶ አምብሮስ ስቶባርት፣

ከሩቅ አገር የተነሳው ሰላምታዬ እርስዎንም ቤትዎንም በደህና ያግኝ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ኖላ ነኝ፤ የእናትዎ የአጎት ልጅ የነበረችው የኤዲት ልጅ። ለገና ካርድ ከመላላክ አልፈን ተጻጽፈን ስለማናውቅ ደብዳቤዬ ድንገተኛ እንደሚሆንብዎ ይገባኛል። የቸገረኝ ነገር ቢኖር ነው።

ሰሞኑን እዚህ ከባድ ዝናብ ጥሏል። ወንዙ ሞልቶ፣ ሣሩ በቅሎ፣ በቀቀኖቹ በወንዙ ዳር ዛፎች ጎሬ ሁሉ ፈልፍለው ነበር። ማክሰኞ ወጀቡ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለው። በማግስቱ እኔና ጎረቤቴ አይቪ ማገዶ ልንለቅም ስንሄድ በተሰነጠቀው ጎሬ ውስጥ አራት ጫጩቶች አገኘን። ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛው አፉን በርግዶ ጮኸብን። ሲለምነን አይደለም፤ ሲቆጣን ነው።

አይቪ «ተይው፤ የጭልፊት ድርሻ ነው» አለችኝ። እኔም ልተወው ብዬ ጥቂት ራመድኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተመልሼ ባርኔጣዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ምድጃው አጠገብ በሻይ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ላባው ገና ነው፤ እሾህ የበቀለበት ይመስላል። የእንቁላል አስኳል በአጃ ገንፎ ለውሼ በማንኪያ አጎርሰዋለሁ።

እርስዎ በቀቀን አርብተው ሽልማት እንደሚያገኙ እናቴ ትነግረን ነበር። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እነዚህን ወፎች በሺህ በሺህ እያየሁ አንዱን እንኳ በእጄ ይዤ አላውቅም። ምን ያህል ይበላል? ምን ያህልስ ይሙቀው? ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ወይ አድጓል ወይ ሞቷል። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
ኖላ ፌርዌዘር


ደራም፣ እንግሊዝ
ማርች 24 ቀን 1987

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ኖላ፣

ሰላምታዎ ከነወፉ ደርሶኛል፤ ለእርስዎም ጤና ይብዛልዎ። ቁርሴን ሳልጨርስ ወረቀት አነሳሁ። ልጄ ጆይስ «አባባ፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ!» ትለኛለች። ይቀዝቀዝ።

ገንፎው ለእጅ አንጓዎ ከሚመችዎ በላይ አይሙቅ። የማንኪያውን ግራና ቀኝ ወደ ላይ ያጥፉት፤ የእናቱ መንቁር ይመስለዋል። ከጉሮሮው ሥር ያለችው ከረጢት ስትሞላ ይተዉት፤ ስትጎድል ይድገሙት። ጩኸቱን አይመኑ። ወፍ ሁልጊዜ አልበላሁም ባይ ነው።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ከጓሮዬ ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ አርባ የሚሆኑ በቀቀኖች አሉኝ። ዱቼዝ የምትባለዋ ለወፍ አርቢዎች ማኅበራችን ውድድር እየተዘጋጀች ነው፤ ጭንቅላቷ እንደ ሎሚ ክብ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከነዚህ ጋር ስኖር ዱር ያለውን አንድም ቀን አላየሁም። ብዙ ሆነው ሲበሩ ሰማዩን ያጨልሙታል የሚባለው እውነት ነው? ውሃ ሲጠጡ ቆመው ነው ወይስ እየበረሩ? አረንጓዴያቸው ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው? የእኔዎቹ ቅድመ አያቶች ከእርስዎ ሰፈር የመጡ ናቸው። እንዲያውም እኔና እርስዎ ከምንዛመደው ይልቅ ወፎቻችን ሳይቀራረቡ አይቀሩም።

ጫጩቱ ከተረፈ ሁሉንም ይጻፉልኝ። ካልተረፈም ይጻፉልኝ።

ዘመድዎ፣
አምብሮስ


ቡሊያ
ኤፕሪል 12 ቀን 1987

ለወንድሜ ለአምብሮስ፣

እንደምን ሰነበትክ? እርስዎ መባባሉን እንተወው፤ እዚህ አገር እርስዎ የሚባለው ዳኛ ብቻ ነው፣ እሱንም ፊቱ እስኪዞር ነው።

አልሞተም! ደብዳቤህ ሲደርስ ላባው ሞልቶ ነበር። ማንኪያውን እንዳልከኝ ባጥፈው መጉረሱን ተወና ማንኪያውን ራሱን ሊውጠው ቃጣው።

ስሙ ሳጅን ነው። ያወጣችለት አይቪ ናት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረቱን ነፍቶ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ ጥግ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዞሮ ይመጣል። አይቪ አይታው «እናንተ፣ ሰልፍ ሊፈትሽ ነው! ሳጅን፣ ጫማዬን ወልውዬዋለሁ ጌታዬ» አለችው። ወርዶ የጫማዋን ክር ፈታላት።

ማንኪያው ውስጥ ሌላ ወፍ ያለ ይመስለዋል። እየበላ ይታገሠዋል፤ ሲጠግብ ገፍቶ ገፍቶ ከጠረጴዛ ይጥለውና አንገቱን አስግጎ የት እንደወደቀ ያያል። ሬዲዮ የከብት ገበያ ዋጋ ሲያነብ አብሮ ይጮኻል፤ ሙዚቃ ሲሆን ዝም ይላል። የሚያድረው ባርኔጣዬ ውስጥ ስለሆነ ፀሐዩ ላይ የምወጣው በሻሽ ነው። አይቪ «ሟች ባልሽን አንድ ቀን እንዲህ አጉርሰሽው ታውቂያለሽ?» ብትለኝ «እሱ መች አፉን ዘግቶ!» አልኳት።

ለጥያቄህ፦ ሰማዩን አያጨልሙትም። ወደ አንተ ሲታጠፉ አረንጓዴና ቢጫ ብልጭ ይላሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ የሉም። አየሩ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ብልጭ። ውሃው ዳር ተደርድረው ይጠጣሉ፤ ቦታ ያጣው ውሃው ላይ አረፍ ብሎ ተጎንጭቶ ይነሳል። አረንጓዴው? ዝናብ በጣለ በሳምንቱ የሚበቅለውን ሣር የመሰለ ነው። እናንተ ጋ ዝናብ ሁልጊዜ ስለሚጥል ይህ ላይገባህ ይችላል።

ዱቼዝ ከውድድሩ ምን ይዛ መጣች?

ኖላ


ደራም
ሜይ 3 ቀን 1987

እህት ዓለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እኔን ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል።

የጻፍሽልኝን ለጆይስ አነበብኩላት። «ሣሩን» ስደርስ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። እሷ ስለ ወፍ ደግመህ አንብብልኝ ብላኝ አታውቅም።

ሳጅን በየትኛው እግሩ ነው የሚቆመው? ሲተኛ መንቁሩን በየትኛው ትከሻ ይቀብራል? ሲቆጣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል? መታጠብ ይወዳል? እንደ እውነቱ ወንድ ይሁን ሴት እስካሁን አናውቅም። ይህን ልብ ብለሽ ተከታተይልኝ፦ አሁን ከመንቁሩ እስከ አናቱ ጥቁር መስመሮች አሉ። በሦስት በአራት ወሩ የልጅነት ላባው ሲረግፍ ከግንባሩ ይጠፋሉ፤ ግንባሩ ንጹህ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ጥቁሩ ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያወጣል። ከመንቁሩ በላይ ያለችው ቆዳ ደግሞ ሰማያዊ ከሆነች ወንድ፣ ቡናማ ከሆነች ሴት። ከአይቪ ጋር ተወራረዱ፤ እኔ ሴት ነው እላለሁ። እንዲህ የሚያዝዝ ወንድ አላየሁም።

አምብሮስ


ቡሊያ
ሜይ 24 ቀን 1987

ወንድም ዓለም፣

ጉንፋኑ ለቀቀህ? ለጥያቄዎችህ፦ በግራው። ቀኝ ትከሻው ውስጥ። አዎ፣ ይጠባል፤ ያኔ ጣቴን እሰበስባለሁ። መታጠብ ነፍሱ ነው፤ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ሥሩ ይቆምና እያንዳንዷን ጠብታ በጀርባው ይቀበላል። የቧንቧ ሠራተኛው ሊጠግነው መጥቶ ነበር፤ አይሆንም ብዬ መለስኩት። እብድ ነች ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ነግሯል።

መብረርም ጀምሯል። የመጀመሪያው ቀን ከጠረጴዛው ተነስቶ መጋረጃው ላይ ተለጠፈና እንዴት እንደሚወረድ ጠፋው። ሁለታችንም ተያየን። አሁን ግን ከኩሽና እስከ በረንዳ ያለው የእሱ ነው። በረንዳው ዙሪያውን የዝንብ መከላከያ ወንፊት ስላለው አያመልጥም።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ኩሽና ስገባ «አለሽ ወይ?» የሚል ሰማሁ። አይቪ መስላኝ «ግቢ!» አልኩ። ማንም የለም። ዞር ስል ሳጅን የስኳሩ ዕቃ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ፣ «አለሽ ወይ?» አለኝ። አይቪ በየቀኑ በሩ ላይ የምትለው ነው። ስነግራት «እንግዲህ እኔ ልቅር፣ ተኪ አግኝተሻል» አለች። ቅር ያላት ግን አይመስልም፤ ሦስት ጊዜ ወጥታ ገብታ «አለሽ ወይ?» አለችው።

ዱቼዝ ምን ሆነች? ጠይቄህ ዘለልከው። ወይስ ተሸንፋ ነው?

ኖላ


ደራም
ጁን 14 ቀን 1987

እህቴ ኖላ፣

አልተሸነፈችም። ዋንጫውን ወስዳለች፤ በሌላ ሰው ስም።

ጉንፋን ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አይደለም። ዶክተሩ ሳንባዬ የወፎቹን የላባ ብናኝ አልቀበልም ብሏል አለኝ። ከሠራሁበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በደህና ወጥቼ በወፍ ብናኝ! «ወይ ወፎቹ፣ ወይ አንተ» አለኝ። «እስቲ ላስብበት» ስለው ጆይስ አጠገቤ ነበረች፤ «ምኑን ነው የምታስበው?» ብላ እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የማስበው አልነበረኝም።

ለማኅበሩ ሰዎች አከፋፈልናቸው። ጆይስ ቤቱን በፈላ ውሃ አጠበችው። አሁንም ጠዋት ስነሳ እግሬ ወደ ጓሮ ይወስደኛል፤ በሩ ጋ ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ። ጸጥታው አይለመድም። አርባ ወፍ እኮ ሲንጫጫ ለካ አይሰማም፤ የሚሰማው ሲቀር ነው።

ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። የምለምንሽ ነገር ስላለኝ ነው። አሁን የቀረኝ ወፍ ያንቺ ሳጅን ነው፤ እሱ ደግሞ ብናኙ አይደርስብኝም። አንድ ሙሉ ቀኑን፣ ከነቃበት እስከተኛበት፣ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

አምብሮስ


ቡሊያ
ጁላይ 5 ቀን 1987

አምብሮስ ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ትንፋሽህን ያርዝመው። ሌላ የምለው አላገኘሁም፤ ስለዚህ ያዘዝከኝን ልጻፍ። የሐሙስ ዕለቱ ሳጅን ይኸው።

ጎህ ሲቀድ ነቃ። ባርኔጣው ጠርዝ ላይ ወጥቶ አንድ ክንፉንና አንድ እግሩን አብሮ ዘረጋ፤ ከዚያ ሌላውን። ላባውን አራግፎ ሁለት እጥፍ ሆነ፣ ተመልሶ አነሰ። «አለሽ ወይ?» አለ። «አለሁ» እስክል ደጋገመው።

ሻይ ሳፈላ ማንቆርቆሪያው ፊት ቆሞ እጅ እየነሳ ይጠብቃል። ሲያፏጭ አብሮ ያፏጫል፤ ሳወርደው ያሸነፈ እሱ ነው የሚመስለው። ዳቦ ሰጠሁት፣ ናቀው። ለራሴ የያዝኩትን ያንኑ ዳቦ ነጥቆ በላ። ማንኪያውን ጣለ። የከብት ዋጋ ተነበበ፤ ጮኸ። ፖስተኛው ቢጫ ልብስ ለብሶ ስለመጣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተደበቀ፤ ቢጫ ይፈራል። ራሱ ግማሹ ቢጫ መሆኑን ማን ይንገረው?

ከቀትር በኋላ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ። መንቁሩን ቀስ እያለ ያፋጫል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚራመድ ሰው ያለ ድምፅ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ስፌቴን አቁሜ ነው ያዳመጥኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረቁ ወቅት ስለገባ ከየአቅጣጫው ወፎች ወንዙ ላይ የቀረችው ኩሬ ዘንድ መምጣት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን በላይ ያልፋሉ። ሳጅን ሲሰማቸው ያለበትን ትቶ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ካለፉም በኋላ እዚያው ይቆያል። የሚያወጣው ድምፅ ከእኔም ከአይቪም የሰማው አይደለም። ማን አስተማረው?

ኖላ


ደራም
ጁላይ 21 ቀን 1987

እህት ዓለም፣

ውለታሽን ምን ልክፈል! መንቁሩን ማፋጨቱ «ደህና ነኝ፣ ልተኛ ነው» ማለት ነው። እኔ ዘንድ ማታ ማታ ሁሉም በአንድነት ያፋጩ ነበር።

ማንም አላስተማረውም፤ ይዞት ነው የተፈለፈለው። ለዚህ ነው የምለምንሽ። እባክሽ የበረንዳውን በር ጠበቅ አድርጊ። እሱ ጭልፊት አያውቅም፤ ውሃ ማለት ቧንቧ፣ ምግብ ማለት ያንቺ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ አለቀ። እኔ አንድ ቀን በር ሳልዘጋ ቀርቼ ሁለት ወፍ አጥቻለሁ፤ እስካሁን አልረሳኋቸውም።

የልጅነት ላባው መርገፍ ሲጀምር ከግንባሩ ከምትወድቀው አንዲቷን በፖስታ አድርገሽ ላኪልኝ። አንድ ላባ አይገድለኝም። ጆይስ ቀድማ ሐኪሙን ጠይቃለች።

አምብሮስ


ቡሊያ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1987

ለወንድሜ ለአምብሮስ፣

ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ፤ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ነበር። እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል። የአይቪ መኪና ተበላሽታ ሰንብታ አሁን ተሠራች። አይቪ ሰላም ብላሃለች።

ሳጅን ደህና ነው። እንደ ልማዱ ነው። ማንኪያውን ይጥላል። ቧንቧው ሥር ይታጠባል። መስመሮቹም እንዳሉ ናቸው። ስለ ላባው አልረሳሁም።

ኖላ


ደራም
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1987

ኖላ እህቴ፣

ጉልበትሽ ተሻለሽ? ደብዳቤሽ አጠረብኝ። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው ማለትሽ ገርሞኛል። ብርሃን ላይ አድርገሽ ደህና አድርገሽ እዪልኝ። የዓይኑስ ቀለበት? ከመንቁሩ በላይ ያለችው ቆዳስ ወደ የትኛው ቀለም አደላች? «አለሽ ወይ?» ላይ ምን ጨመረ? በዚህ ዕድሜ አንድ ቃል የያዘ አሥር መያዙ አይቀርም።

ከአጥሬ ማዶ ያሉ ሁለት ጎረቤቶቼም ስለ ሳጅን ይጠይቁኛል። ሦስታችንም አጥሩ ላይ ተደግፈን ነው የምናነበው።

አምብሮስ


ቡሊያ
ኦክቶበር 8 ቀን 1987

ወንድሜ አምብሮስ፣

ላባዋ ይቺትና። ጉልበቴ ተሽሎኛል። ዓይኑን አየሁት፣ ጥቁር ነው። መስመሮቹ እስከ መንቁሩ ድረስ ናቸው። ትናንት ማንኪያውን ጥሎ አንገቱን አስግጎ አየው።

ሰላም ሁን።
ኖላ


ደራም
ኦክቶበር 26 ቀን 1987

ኖላ እህቴ፣

ላባው ደረሰኝ። ጆይስ ጠርሙስ ውስጥ ከትታ ክዳኑን አጥብቃ «በዓይንህ ብቻ!» ብላ ሰጠችኝ። መስኮቱ ዳር ይዤው ብዙ ተቀመጥኩ።

ይህ የግንባር ላባ አይደለም፤ የክንፍ ነው። የልጅ አይደለም፤ የትልቅ ወፍ ነው። ጫፉ ተበልቷል፣ ጠርዙን ፀሐይ አንጥቶታል። ከኩሽና እስከ በረንዳ የሚመላለስ ወፍ ክንፉ እንዲህ አያልቅም። ይህ ብዙ አገር የዞረ ላባ ነው።

ደብዳቤዎችሽንም ደርድሬ አነበብኳቸው። ኤፕሪል ላይ ሳጅን ማንኪያ ይጥላል። ጁላይ ላይ ይጥላል። ኦክቶበር ላይም ያንኑ ማንኪያ ይጥላል። ወፍ እንዲህ አይደለም፤ ይሰለቸዋል፣ ሌላ ጥፋት ይማራል። ግንባሩ በስምንት ወሩ የጫጩት ግንባር ነው። ኖላ፣ የምትጽፊልኝ ወፍ አያድግም።

የማያድግ ወፍ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የማውቀው። ሞቶ ከሆነ ንገሪኝ። ስንቱን ከጓሮ ቀብሬአለሁ፤ አልሰበርብሽም። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም። ግን ከሌለ ወፍ ጋር መኖር አልፈልግም።

አምብሮስ


ቴሌግራም
ከቡሊያ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1987

አልሞተም። ሄደ። ደብዳቤ ልኬአለሁ። ኖላ


ቡሊያ
ኖቬምበር 9 ቀን 1987

አምብሮስ፣

ሰላምታውን ልለፈው፤ እጄ ካቆመ አይጀምርልኝም።

የሄደው ጁላይ 16 ቀን ነው። በሩን ጠበቅ አድርጊ ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ በሩ ተከፍቶ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያንን አንብቤ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? የቀረኝ ወፍ ያንቺ ነው ብለኸኝ! ስለዚህ የድሮውን እየቆነጠርኩ ላክሁልህ። አይቪ ከመጀመሪያው «ይታወቅብሻል፤ ሰውየው የወፍ ሰው ነው» ብላኝ ነበር። ላባውን የለቀምኩት ኩሬው ዳር ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሐሙሱን ከጻፍኩልህ በኋላ ሳጅን ተለወጠ። ማንኪያውን ረሳው። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አይመልስም። ጠዋት ስነሳ «አለሽ ወይ?» ማለቱንም ተወ፤ እኔ «አለሁ» ብለውም ዝም። ቀኑን ሙሉ ወንፊቱ ላይ ነው። የእነሱን ቋንቋ ብቻ ነው የሚናገረው። ጥፍሩ ደማ። መንጋው ሳይኖርም ይጣራል።

ያን ዕለት ሻይ ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ አይቪ መጣች። ወገኖቿ እኛ ነጮቹ ሳንመጣ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር የኖሩ ናቸው፤ ስለ ወፍ ስታወራ አልከራከራትም። ትንሽ ሰማችውና «ኖላ፣ እየጠራቸው ነው ብለሽ ነው? እነሱ ናቸው የሚጠሩት። እሱማ መልስ ነው የሚሰጠው» አለች።

«ጭልፊት ይበላዋል» አልኳት።

«ሊበላው ይችላል።»

«ውሃ የት እንዳለ አያውቅም።»

«እነሱ ያውቃሉ።»

«ምናለ ውሸትም ቢሆን ብታጽናኚኝ!»

«ለማጽናናትማ ቄስ ጥሪ» አለችና ስኳር ጨመረች።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። ጥፍሩን ሳይ ይመስለኛል።

አልወጣም! መድረኩ ላይ ወረደና ደረቱን ነፍቶ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸው። ቆመ። ዞረ። ወደ ኩሽና ተመልሶ ቧንቧው ሥር ሁለት ጠብታ ጠጣ። አይቪ «ወይ ጉድ፣ ስንቅ ሊቋጥር ነው» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ እንደማይሄድ ልቤ ነገረኝ። ከዚያ በሁለታችን መሃል አልፎ ወጣና ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አረፈ። ገመዱ ሲወዛወዝበት ክንፉን ዘረጋ። ገመድ አይቶ አያውቅማ።

መንጋው መጣ። በላዩ አለፈ። እሱ አልተነሳም፤ አንገቱን ብቻ አዞረ። እጄን ዘርግቼ «ሳጅን» አልኩት። አየኝ። አምብሮስ፣ በትክክል አየኝ፤ አንድ ዓይኑን፣ ከዚያ ሌላውን አደረገልኝ። ያኔ ሁለተኛው መንጋ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ መጣ። ብድግ አለ። አረንጓዴውን ለማየት ሞከርኩ፤ ከሺህ አረንጓዴ መሃል የቱ ነው? ሲታጠፉ ብልጭ አሉ። ሲመለሱ አልነበሩም።

በነጠላ ጫማዬ የአይቪ መኪና ውስጥ ገብቼ ኩሬው ድረስ ተከተልኩት። ዳር ቆሜ «ሳጅን!» ብዬ ስጮህ ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሳ። አይቪ «ይኸው ሁሉም ሳጅን ነን አሉሽ» አለችኝ። ስትመለስ ግን መኪናዋን በጣም ቀስ ብላ ነው የነዳችው።

በሩን ብዙ ቀን ክፍት ተውኩት። የገባ ጉንዳን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን በወደቀ ግንድ ላይ አንዱ ደረቱን ነፍቶ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ አየን። አይቪ «ያውልሽ!» አለች። እኔ እንጃ። ግንባሩ ቢጫ ነበር፤ ዓይኑን ለማየት ራቀኝ። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅንም፤ ውርርዳችን እንዲሁ ቀረ።

ልክ ነህ፤ በሩን መዝጋት ነበረብኝ ይሆናል። ተቀየመኝ ብትል አልፈርድብህም። ዝም ግን አትበለኝ።

ኖላ


ደራም
ዲሴምበር 3 ቀን 1987

ውድ እህቴ ኖላ፣

ጤናና ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። ቴሌግራሙን ጆይስ ናት የተቀበለችው። ወንበር ስባ «አባባ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። «አልሞተም። ሄደ» ሲል ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ እሷ ደግሞ የማለቅስ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

የተቀየምኩሽ በአንድ ነገር ነው፦ ከሰማኋቸው ወሬዎች ሁሉ የበለጠውን አራት ወር አስጠበቅሽኝ። ተመልሶ ገብቶ ውሃ ጠጣ? ገመዱ ላይ ክንፉን ዘረጋ? በየትኛው ዓይኑ ነው ቀድሞ ያየሽ? አርባ ዓመት ሙሉ መቀርቀሪያውን ሁለት ሁለቴ እየነካካሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወፍ ሲያመልጥ አይቻለሁ፤ ደንግጦ፣ ግድግዳ እየመታ። ወፍ መድረኩን ፈትሾ፣ አስቦ፣ ሲሄድ ግን አላየሁም። በሩን ዝጊ ብዬሽ ነበር፤ ደብዳቤዬ መዘግየቱ በጀን።

ሐሙስ ለማኅበሩ አነበብኩላቸው። በአዳራሹ ሳይሆን በደጅ ነው፤ እኔ መግባት ስለተከለከልኩ ሁሉም ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡልኝ። ዱቼዝን የወሰዳት ሰው በመጨረሻ «ግንዱ ላይ የነበረው እሱ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን አጠፍኩት። «እኔ ግን እሱ ነው እላለሁ» አለ፤ የተከራከረው ሰው አልነበረም።

ትናንት ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። «ወፎች ዘንድ ልሄድ ነው» አልኩት።

«ወፍ አይሆንም አላልኩህም?»

«እነዚህ የእኔ አይደሉም።»

«ስንት ናቸው?»

«ቆጥሮ የጨረሰ የለም።»

መነጽሩን አወለቀ። ጆይስ ጣልቃ ልትገባ ስትል በእጁ አስቆማት። «የተቀመጡበት ቤት ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«ጣሪያ የለውም።»

«ግድግዳስ?»

«እሱም የለም፣ ዶክተር። እህቴ አንድ በር ነበራት፣ እሱንም ከፍታዋለች።»

ደረቴን እንደገና አዳመጠኝ። ብዙ አዳመጠኝ። ከዚያ «ራቅ ብለህ ተቀመጥ» አለኝ፤ «ነፋሱም ከጀርባህ ይምጣ።»

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ጆይስ አብራኝ ልትመጣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃለች፤ ሲደርቅ ወደ ኩሬው ይሰበሰባሉ ስላልሽኝ ለኦገስት አስበናል። አይቪን ሰላም በይልኝ፤ ከእሷ ጋር የምንጨርሰው ውርርድ አለን።

እስከዚያው አንድ ነገር አጣሪልኝ። በኦገስት፣ ጠዋት፣ ወፎቹ ሊጠጡ ሲወርዱ፣ እናንተ ጋ ነፋሱ ከየት በኩል ነው የሚነፍሰው?

አምብሮስ